የአሮጌዋ ቮልስዋገን ጩኸት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አውቶሞቢል ምንጣፍ ነው ብዬ ብነግራችሁ፣ ምናልባት ፈገግ ብላችሁ ገጹን ትገልጡ ይሆናል። «ምንጣፍ ደግሞ ምን የሚጻፍበት ነገር አለው?» የሚልም አይጠፋም። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ባልሁ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ በምንጣፍ ይጀመር እንጂ የሚያልቀው በአባትና በልጅ መካከል ነው።

እኔ በቆቦ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ኮሌጄን ጨርሼ ጠመኔ ከያዝሁ ገና አራት ዓመቴ ነው። ቆቦን ለማያውቃት ሰው ለመግለጥ ያህል፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አይሞላም። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የግዳን ደጋ እንደ ግድግዳ ቆመው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሜዳ ተንጣሏል። ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ በግንቦት ወር በቀትር የብረት በር በባዶ እጅ አይነካም። አቧራዋም በተዘጋ በር ይገባል። ይህን የምናገረው አገሬን ለማማረር አይደለም፤ ፀሐይና አቧራ በዚህ ታሪክ ውስጥ የየራሳቸው ሥራ ስላላቸው ነው።

አባቴም እንደ እኔ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆች አስተምረዋል። የቃል ጽሕፈት ሲያጽፉ ድምፃቸው ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል። ሀብታቸው ሁለት ነው፤ መጻሕፍታቸውና በ1955 ዓ.ም. የተሠራች አንዲት ቮልስዋገን። እኔ ከመወለዴ በፊት ቤታችን ስለ ገባች እንደ ታላቅ እኅት እቈጥራታለሁ።

ቮልስዋገን በአገራችን የታወቀች ናት፤ በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ ድረስ በየመንገዱ ትታያለች። በታሪካችንም ውስጥ ቦታ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህችው ትንሽ አውቶሞቢል ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ የመጨረሻዋ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ወጣች። ይህን ያህል የተወደደችው በምቾቷ አይደለም፤ ርካሽና ጠንካራ በመሆንዋ ነው። ሞተርዋ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። በእኛ ቆላ ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ውሃዋ ፈላ ተብሎ በመንገድ ዳር አትቆምም። ነገር ግን በሌላው አውቶሞቢል ሞተሩን የከበበው ውሃ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ያፍናል። የእኛዋ ውሃ ስለሌላት ጩኸቷን የሚያፍንላት የለም። ማራገቢያዋ ያፏጫል፤ ሞተርዋ ያንኳኳል፤ ላሜራዋ ይንቀጠቀጣል።

በዚህ ላይ ደግሞ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ በደረሰ ጊዜ አባቴ ጎማዎቿን ፈትተው፣ በጓሮ አቁመው፣ ገለባ ከምረውባት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን እሷም እኛም ተረፍን። ይሁን እንጂ አይጦች የውስጥ ልብሷን ሁሉ በልተው ጨርሰውት ቈዩ። ገለባው ሲነሣ የተረፈው ወንበሩና ራቁቱን የቀረ ብረት ብቻ ነበር። ባዶ በርሜል ይጮኻል ይባል የለ? እሷም በአራት ጎማ የምትሄድ ባዶ በርሜል ሆነች።

አንድ ቅዳሜ ቀን ከወልድያ ስንመለስ እኔ እነዳ ነበር። አባቴ ከጎኔ፣ እናቴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ብዙ ቀን በልቤ ሳብሰለስለው የነበረ ጉዳይ ነበረኝ። ትምህርቴን ለመቀጠል አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ልቈይ አስቤ፣ ነገር ግን የአባቴን ፈቃድ ሳልይዝ እግሬ አልነሣ ብሎኝ ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ስለማይጠፋ ቁም ነገር የሚወራው በመንገድ ላይ ነው። አላውሃን ተሻግረን ሜዳውን ስንይዝ ጊዜው አሁን ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁና፤

«አባየ፣ ለትምህርት አዲስ አበባ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ምን ይሉኛል?» አልኋቸው።

አባቴ በመስኮት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁና «አዎ፤ ዘንድሮስ ማሽላው መልካም ነው» አሉኝ።

እናቴ ከኋላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አባቴም እኛ ስንስቅ አይተው አብረውን ሳቁ። ነገር ግን የእሳቸውን ሳቅ ሳይ የእኔ ቶሎ ጠፋብኝ። የሚስቁበትን ነገር ሳያውቁ፣ እንዳይታወቅባቸው ብለው የሚስቁ ሰው ሳቅ ነበርና። ከዚያ በፊት በመንገድ ላይ ዝም ሲሉ ሐሳብ የያዛቸው ይመስለኝ ነበር። ለካስ አይሰሙም ኖሯል።

ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ በዕድሜና በጩኸት ብዛት የደከመ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ከፊደሎቻችን መካከል እነ ሰ፣ ሸ፣ ፈና ጸ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ሰው እንደ ተናገረ ይሰማል፤ ምን እንደ ተናገረ ግን አይለይም። በጸጥታ ቦታ ከንፈር እያየ፣ ከቃሉ የቀረውን በሐሳቡ እየሞላ ይረዳል። በአውቶሞቢል ውስጥ ግን የሞተሩና የመንገዱ ጉርምርምታ መጥቶ ያችን የቀረችውን ይሸፍንበታል። የተጐዳውን ጆሮ እንደ ነበረ መመለስ አይቻልም። ጉርምርምታውን መቀነስ ግን ይቻላል። እኔም ያን ዕለት ቮልስዋገኗን ጸጥ አሰኛለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ወጣት ችኩል ነው፤ የተማረ ወጣት ደግሞ መጠየቅ ያፍራል። ማንንም ሳላማክር ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ለቤት ጣሪያ የሚሆን ሬንጅ የጠጣ ልባስ ገዛሁ። ከሌላ ሱቅ ጸጉሩ የረዘመ ቀይ ምንጣፍ መረጥሁ፤ የመረጥሁበትም ምክንያት ወፍራም ስለሆነ ብቻ ነበር። በማግሥቱ እሑድ ሬንጁን ከወለሉ ጀምሮ እስከ በሮቹ ድረስ ለጠፍሁ፤ በላዩም ምንጣፉን በማስቲሽ አጣብቄ ከዳር እስከ ዳር አለበስኋት። ማታ ሳያት የሙሽራ ቤት መሰለች። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ መረቀልኝ።

ደስታዬ ሁለት ሳምንት ቈየ። ግንቦት ሲገባ ፀሐይዋ ሥራዋን ጀመረች። በሮቹ ተዘግተው ፀሐይ ላይ የቆመ አውቶሞቢል ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ብረትማ ከዚያም ይብሳል። በበሮቹ ላይ የለጠፍሁት ሬንጅ ለሰሰና ወደ ታች ወረደ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እናቴ ሮቢት ስንደርስ ራሴን አመመኝ ብላ «እኔስ በአውቶቡስ እመጣለሁ» ብላ ወረደች። ቀጥሎ አቧራው መጣ። የረዘመው ጸጉር አቧራውን እንደ በግ ለምድ አቅፎ ይይዘዋል፤ በተረገጠ ቍጥር ደመና ይነሣል።

ከሁሉ የባሰው የሐምሌ ዝናም ነበር። የፊት መስተዋቱ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለ ነበር ውሃው ሰርጎ ከምንጣፉ ሥር ተኛ። ላዩን ብትነኩት ደረቅ ነው፤ ሥሩ ግን ለሳምንታት እርጥብ ነበር። ሻጋታው መሽተት ሲጀምር የኋላውን ወንበር አነሣሁ። በዚህች አውቶሞቢል ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። በዚያ አካባቢ ያለውን ወለል በጣቴ ብጫነው ጣቴ ብረቱን በስቶ አለፈ፤ በቀዳዳውም የግቢያችንን አፈር አየሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ሳልናገር ከርሜ ነበር፤ አሁን ግን ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ልናገረው። የቮልስዋገን ፔዳሎች እንደ ዛሬዎቹ አውቶሞቢሎች ከላይ የተንጠለጠሉ አይደሉም፤ ከወለሉ የበቀሉ ናቸው። አንድ ቀን አህያ መንገድ ስታቋርጥ ፍሬኑን ብረግጠው ከሥሩ ወፍራሙ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ገብቶ ኖሮ እስከ መጨረሻው አልወርድ አለኝ። አህያዋ ከእኔ ይልቅ ብልህ ስለ ነበረች ሮጣ አመለጠች። እኔ ግን ያን ዕለት ለአባቴ ጆሮ ስል የአባቴን ነፍስ ላጠፋ እንደ ነበረ ገባኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን የትምህርት ቤታችን ደወል ነው። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተሰቀለ አሮጌ የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። አንድ ማለዳ ዘበኛው ደወሉን መትቶ ገና እየጮኸ ሳለ፣ አንድ ተማሪ ሮጦ መጣና መዳፉን አሳረፈበት። ደወሉ ወዲያው ዝም አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ግን በቆምሁበት ቀረሁ። ይህን ያህል ዓመት በሰሌዳ ላይ ሞገድ እየሣልሁ «ድምፅ ማለት የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው» ብዬ ሳስተምር፣ የምናገረውን እኔው አልሰማሁትም። ልጁ ደወሉን አልሸፈነውም፤ ከመንቀጥቀጥ አሳረፈው። አንድ መዳፍም በቃው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ አሮጌ አውቶሞቢል ያላችሁ እንደሆነ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ለዩ። ጩኸትን ለመቀነስ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው የሚንቀጠቀጠውን ላሜራ ማሳረፍ ነው። ሁለተኛው በአየር የሚመጣውን ድምፅ በጸጉራምና በቀዳዳማ ነገር መምጠጥ ነው። ሦስተኛው ከባድ መጋረጃ አቁሞ ማገድ ነው። ምንጣፍ የሚሠራው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ያውም ቀጫጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን ጉርምርምታ ብዙ አይነካውም። እኔ ግን ሦስቱንም ከምንጣፉ ጠብቄ ነበር።

ላሜራው የትኛው እንደሚጮኽ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የጣት አንጓ ይበቃል። በሩን፣ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ግድግዳ ኳ ኳ እያደረጋችሁ አዳምጡ። «ድም» የሚለውን ተዉት፤ እንደ ደወል የሚያስተጋባውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ማሳረፊያው የሚለጠፈው በዚያ ብቻ ነው፤ እሱም በመሐሉ። የአንዱን ላሜራ ሩብ ወይም ሢሶ መሸፈን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ሁሉንም መሸፈን ገንዘብ ከማባከኑ በላይ ክብደት ይጨምራል። የእኛዋ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው፤ ከቆቦ ተነሥታ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ወልድያ ስትወጣ እያንዳንዱ ኪሎ ይቈጠርባታል።

ለዚህ ሥራ በገበያ ሁለት ዓይነት ነገር ይገኛል። አንዱ ከሬንጅ የተሠራ ነው፤ ሌላው ቡቲል ከሚባል ጎማ ተሠርቶ በላዩ ስስ አሉሚኒየም የተለበጠበት ነው። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስሄድ ሁለቱንም አሳዩኝ። ሻጭ ሁሉ የራሱን ያመሰግናልና በምስክርነት አትመኑ። እኔ ከየዓይነቱ ቍራጭ አምጥቼ በቤታችን የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ለጥፌ ሦስት ቀን ተውኋቸው። ሬንጁ በሁለተኛው ቀን አንድ ጣት ያህል ተንሸራተተ፤ ቡቲሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ደጋ ለሚኖር ሰው ምናልባት ሬንጁ ይበቃው ይሆናል፤ ለራያ ቆላ ግን ዳኛው ፀሐይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በተራ ያዝሁ፤ ተራው ራሱ ግማሽ ጥበብ ነውና። መጀመሪያ ያለበስሁትን ሁሉ ቀደድሁ፤ ማስቲሹን ለመፋቅ ብቻ አራት ቀን ፈጀብኝ። ቀጥሎ የመስተዋቱን ጎማ አስቀየርሁ፤ ውሃ የሚገባበት አውቶሞቢል ምንጣፍ ሳይሆን ልምጭ የሚገባው ነው። ጋራዡ የተበላውን ወለል ቈርጦ በአዲስ ላሜራ በየደልኝ፤ እኔም ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፍቄ ጸረ ዝገት ቀባሁ። ከዚህ በኋላ ነው ቡቲሉን የለጠፍሁት። በበሮቹ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን ሳልደፍን ተውኋቸው፤ በመስኮቱ የሚገባው የዝናም ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። ባትሪውንም በጎማ ክዳን ሸፈንሁት። በዚህች አውቶሞቢል ከኋላ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ሊነሣ ይችላልና፣ ቮልስዋገን ያለው ሰው ሁሉ ይህን አይዘንጋ።

ከዚያ በምንጣፉና በብረቱ መካከል ስለሚገባው ነገር ማሰብ ነበረብኝ። ተራው የወንበር ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፤ እንደ ገና ዝገት መጥራት ነው። ቀዳዳዎቹ የተዘጉ፣ ውሃ የማይጠጣ ስፖንጅ ለወለሉ መረጥሁ። ይህ ስፖንጅ ግን ድምፅ በመምጠጥ ደካማ ነው። ለሞተሩ ግድግዳ ሌላ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ የጠየቅሁት ሁሉ ሱፍ የሚያህል የለም አለኝ። ሱፍ የክብደቱን ሢሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ አይመስልም፤ እሳትም ቶሎ አይቀበልም። ጠላቱ ብል ብቻ ነው።

ይህን ለእናቴ ሳወራላት ዝም ብላ ሰምታ ወደ ጓዳ ገባችና፣ ከሣጥን ውስጥ አንድ ባና አውጥታ ፊቴ ላይ ዘረጋችው። በመንዝና በወሎ ደጋ ከበግ ጸጉር የሚፈተለውንና የሚሸመነውን ባና የማያውቅ የለም። ይህኛው አያቴ ከደጋ ሲወርዱ ለብሰውት የመጡት ነው።

«ፈረንጅ የሠራውን ስትፈልግ ትዞራለህ፤ ይኸስ ከበግ አይደለም የተሠራው?» አለችኝ።

«የእናትሽ ልብስ ነው፤ እንዴት ተደርጎ ይቈረጣል?» ብላት፣

«ቆላ ለቆላ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ማንን ያሞቃል? አባትህ ይስሙበት» አለችና መቀሱን ራሷ ያዘች።

ባናውን አጥባ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመትታ፣ እኔ በለካሁላት መጠን ቈረጠችው። ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ሞተሩ ባለበት ግድግዳ ላይ፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ እጥፍ አድርገን አለበስነው። እኔ እንደማስበው ከሠራሁት ሁሉ ያን ቀጭን ፉጨት የገደለው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ምንጣፉ ቀረ። አሁን የምመርጠው በውፍረት አልነበረም። ጸጉሩ አጭር፣ ክሩ እንደ ቀለበት ተመልሶ የተሰፋ ሞኬት ፈለግሁ፤ እንዲህ ያለው አቧራን ወደ ሥሩ አያስገባም፤ በመጥረጊያም ይለቃል። ከሰው ሠራሽ ክሮች ናይሎን ቢረገጥም ቀና ይላል፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ርካሽና ውሃ የማይጠጣ ቢሆንም ጸጉሩ ቶሎ ይተኛል። እኔ ናይሎኑን መረጥሁ። ቀለሙን እናቴ «የቆቦ አቧራ» የምትለውን ቡና ዓይነት አደረግሁት፤ ቀዩ ምንጣፍ አንድ ቀን ንጹሕ ሆኖ አምስት ቀን ሲያሳፍረን ኖሯልና። ዳር ዳሩን ልብስ ሰፊ ቈለፈልኝ። አንዱንም በማስቲሽ አላጣበቅሁትም፤ በአራት ቍራጭ ሆኖ የሚነሣና የሚነጠፍ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አባቴ አውጥተው በአጥሩ ላይ ሰቅለው በዱላ ያራግፉታል።

ከሾፌሩ እግር ሥር ግን ምንጣፉን አላደረግሁም። ስለዚህ ነገር ከአባቴ ጋር ተከራክረን ነበር። እኔ በፔዳሎቹ ምክንያት ስስ የጎማ ምንጣፍ ይሁን ስላቸው እሳቸው ቶሎ ተስማሙ፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነበር።

«እኔ ሞተሩን በጆሮዬ መስማት ከተውሁ ቈየሁ» አሉኝ። «በእግሬ ነው የምሰማው። እሱንም ደግሞ አትዝጋብኝ።»

ፋብሪካው ራሱ በዚያ ቦታ ያነጠፈው የጎማ ምንጣፍ ነበር። እኔ ከእሱ የተሻልሁ መስሎኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ ታዋቂ የሮልስ ሮይስ ማስታወቂያ በአሜሪካ ወጥቶ ነበር፤ አውቶሞቢሉ በሰዓት 60 ማይል ሲሮጥ ከሁሉ የሚበልጠው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ነው የሚል። የእኛዋ እንዲህ አልሆነችም፤ ልትሆንም አትችልም። ሞተርዋ አሁንም ይሰማል፤ ጠጠር መንገድ ስትገባ አሁንም ታጉረመርማለች። እኔ ግን ሰዓት ለመስማት አልነበረም የደከምሁት።

የተለወጠ ነገር መኖሩን ለማወቅ ፈተና አዘጋጀሁ። ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሬ በፊት አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳሁ፣ በተለመደ ድምፅ አሥር ቃላት የቃል ጽሕፈት አጽፌአቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲያጽፉ የኖሩ ሰው በጉልበታቸው ላይ ደብተር አድርገው እርሳስ ይዘው ሲጠብቁኝ ሳይ ልቤ ተነካ። ያን ጊዜ ከ10 ያገኙት 3 ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሌላ አሥር ቃላት አጻፍኋቸው። ጎብየ ላይ አቁመን አረምሁ። 8 አገኙ። ከሳቷቸው ሁለት አንዱ «ሰማ» ያልሁትን «ሸማ» ብለው የጻፉት ነው። ላልፋቸው ብዬ ምልክት ሳደርግ እጄን ያዙና፤

«አርም እንጂ! መምህር አያዳላም» አሉኝ።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ቆቦ ስንጓዝ፣ ማሽላው በግራና በቀኝ እንደ ዱር ቆሞ ነበር። ያን የቈየውን ጥያቄ ድምፄን ሳልጮኽ እንደ ገና ጠየቅኋቸው። «አባየ፣ ለትምህርት አዲስ አበባ ልሄድ አስቤአለሁ» አልሁ። ወዲያው አልመለሱልኝም። የሰሙኝ መሆናቸውን ያወቅሁት በዝምታቸው ነው፤ ያልሰማ ሰው ቶሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሰማ ሰው ግን ያስባል።

ጥቂት ከሄድን በኋላ «ሁለት ዓመት ነው?» አሉ።

«ሁለት ዓመት ነው።»

«ሂድ፤ ተማር። ግን ስልክ አትደውልልኝ፤ አልሰማህም። ደብዳቤ ጻፍልኝ። ፊደሉም የሚነበብ ይሁን።»

እናቴ ከኋላ ሆና ቃል አልተናገረችም። በፊት መስተዋት ሳያት ጀርባዋን የናቷ ባና ባለበት ግድግዳ ላይ አስደግፋ በመስኮት ሜዳውን ታይ ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ምክሬ ይኸው ነው። ከምንጣፍ በፊት ውሃውን፣ ከውሃው ቀጥሎ ዝገቱን፣ ከዝገቱ ቀጥሎ የሚንቀጠቀጠውን ላሜራ ተመልከቱ፤ ምንጣፉ የመጨረሻው ነው። ወፍራሙን ሳይሆን ለአገራችሁ ፀሐይና አቧራ የሚስማማውን ምረጡ። ከፔዳል ሥር ምንም አትከምሩ። ከሁሉ በፊት ግን የምትፈልጉትን ዕወቁ፤ አውቶሞቢላችሁ ዝም እንድትል ነው ወይስ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው እንዲሰማችሁ? እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ቀይ ምንጣፍ፣ አንድ ወለልና አንድ ዓመት አጥቻለሁ።

በመጪው መስከረም እሄዳለሁ። ቮልስዋገኗን ለአባቴ ትቼላቸዋለሁ፤ ደብዳቤውንም እጽፋለሁ።